ወንጭፉ ከለቀቀው በኋላ ድንጋዩን ማን ይገፋዋል?

ዛሬም ረዘም ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ተራ የምትጠብቁ ሾፌሮች ቡናችሁን ያዙ፤ መሪ ላይ ያላችሁ ደግሞ በኋላ አንብቡት፣ አይጠፋም። ባለፈው «ፖለቲካውን ተወውና የተማርከውን ጻፍልን» ያላችሁኝ ነበራችሁ። እሺ፣ የተማርኩት ይኼንን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው የበረዶ ወራት ኤርፖርት ላይ ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት አካባቢ አንዲት እህታችን ልጅ ታቅፋ፣ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ እየጎተተች መጣች። ከአገር ቤት ገና መግባቷ ነው። ባለቤቷ ሥራ ላይ ስለሆነ «ታክሲ ይዘሽ ነይ» ብሏታል። ሹፌሩ አበሻ መሆኑን ስታይ ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ሻንጣዎቹን ጫንኩና የልጅ መቀመጫ ይዛ እንደሆነ ጠየቅኳት። አልያዘችም። እኔም አልነበረኝም። «እንግዲያው ባለቤትሽ መቀመጫ ይዞ እስኪመጣ እዚሁ እንጠብቅ፣ እኔም አብሬሽ እቆያለሁ» አልኳት።

«ኧረ ወንድሜ፣ እናቱ አይደለሁ? አጥብቄ እይዘዋለሁ። ከእኔ እቅፍ የተሻለ መቀመጫ የት ይገኛል?»

አይሆንም አልኳት። ለመነችኝ፣ ከዚያ ተቆጣች። «እዚህ አገር ስትቆዩ ልባችሁ ይደነድናል» ብላ ሻንጣዎቿን አስወረደችና ሌላ መኪና ውስጥ ገባች። ልጁ በእቅፏ ነበር። መንገዱ በረዶ ነው። መኪናው ከዓይኔ እስኪጠፋ ቆሜ አየሁት።

በማግስቱ ተራ ስንጠብቅ ይህንኑ ለጓደኞቼ አወራሁ። ከመካከላችን ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡ፣ ይህን ሥራ ሠላሳ ዓመት ሊሞሉት የተቃረቡ ጋሼ አሉ። «ጥፋተኛው አንተ ነህ» አሉኝ። «ልጁ እኮ በራሱ አይሄድም፣ የሚወስደው መኪናው ነው። መኪናው ሲቆም ልጁም ይቆማል።»

«አይቆምም ጋሼ። መኪናው ሲቆም ልጁ ጉዞውን ይቀጥላል።»

«ማን እየገፋው?»

ሁሉም ሳቁ። ጋሼ ቀጠሉ፤ «እግርህን ከጋዙ ላይ ስታነሳ መኪናው እየዘገመ ሄዶ ይቆማል። አዎ ወይስ አይደለም? የሚገፋው ከሌለ የሚሄድ ነገር የለም። ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ።»

ወገኖቼ፣ «ማን እየገፋው?» የምትለው ጥያቄ ሞኝ ጥያቄ እንዳትመስላችሁ። የሰው ልጅ ለዚች ጥያቄ ትክክለኛውን መልስ ለማግኘት ሁለት ሺህ ዓመት ፈጅቶበታል። ጋሼም ሳያውቁት የተናገሩት የአርስቶትልን ቃል ነው።

አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ384 እስከ 322 የኖረ የግሪክ ፈላስፋ ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው አለው አለ። ድንጋይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ምክንያቱም የተፈጥሮ ቦታው ታች ነው፤ እሳት ወደ ላይ ይወጣል፣ ቦታው ላይ ነው። ከዚህ ውጪ ያለው እንቅስቃሴ ሁሉ በግድ የሚሆን ነው፤ የሚያስገድደው አካል ሲተወው ይቆማል። በሬ ሲቆም ማረሻው ይቆማል። አህያ ሲቆም ጋሪው ይቆማል። እውነቱን ለመናገር አህያና በሬ ባለበት ዓለም ውስጥ ይህ የማይታመንበት ምክንያት የለም። በዓይን የሚታየውን ነው የተናገረው።

አንድ ነገር ግን አስቸገረው። ገጠር ያደጋችሁ ማሽላ ስትጠብቁ ማማ ላይ ወጥታችሁ ወንጭፍ ወንጭፋችኋል። ድንጋዩ ከወንጭፉ ከወጣ በኋላ ወፎቹ ዘንድ እስኪደርስ ማን ይገፋዋል? እጃችሁ ርቋል፣ ወንጭፉም ረግቧል። የሚገፋው ከሌለ እዚያው እግራችሁ ሥር መውደቅ ነበረበት። አርስቶትል የሰጠው መልስ «አየሩ ነው» የሚል ነበር። እጃችን ድንጋዩን ሲወረውር አየሩንም አብሮ ያንቀሳቅሳል፣ ያ አየር ቀጣዩን አየር፣ ቀጣዩም ቀጣዩን እያንቀሳቀሰ ድንጋዩን ይገፋዋል። በዚያ ዘመን ደግሞ ከፊቱ የተገፋው አየር ዞሮ ከኋላ ይመጣና ይገፋዋል የሚሉም ነበሩ። ምላሹ እንደ ልብ የማያስኬድ መሆኑን ስታነቡት ይታወቃችኋል፤ ግን ወደ ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ ቆየ።

አሁን ወደ ምወደው ክፍል መጣሁ።

በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስክንድርያ ውስጥ ዮሐንስ የሚባል መምህር ነበር። ፊሎፖኖስ ይሉታል፤ በግሪክኛ ሥራ ወዳድ፣ ድካም የማይፈራ እንደማለት ነው። ሰዋስወኛው ዮሐንስም ይባላል። በ490 አካባቢ ተወልዶ በ570 አካባቢ እንዳረፈ ይገመታል። ክርስቲያን ነው። የ451ዱን የኬልቄዶን ጉባኤ ውሳኔ ከማይቀበሉት፣ የክርስቶስ ባሕርይ አንድ ነው ከሚሉት ወገን ነበር። አዎ፣ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ከቆመችበት ወገን። ያን ጊዜ አባታችን ሳዊሮስ ዘአንጾኪያ ከመንበሩ ተሰዶ ከ518 ጀምሮ ግብፅ ውስጥ ነው። እዚህ ቀይ ባሕር ማዶ ደግሞ አክሱም ላይ የነገሠው ካሌብ ነው። ይህን የምላችሁ «ፊዚክስን የፈጠርነው እኛ ነን» ለማለት አይደለም። እንዲህ የሚሉ ፖስቶች በዝተውብኛል፣ ከእነሱ መሐል እንዳትቆጥሩኝ። ሰውዬው በግሪክኛ የጻፈ የእስክንድርያ ሰው ነው። ግን ያ ዘመን ለእኛ ባዕድ ዘመን አለመሆኑን እወቁልኝ።

ይህ ዮሐንስ በ517 የአርስቶትልን የፊዚክስ መጽሐፍ ለተማሪዎቹ እያብራራ ነበር። የእሱ ሥራ ማብራራት ነው። መሐል ላይ ግን ማብራራቱን ያቆምና ከመጽሐፉ ጋር ይከራከራል። አየሩ ነው የሚገፋው ካላችሁ፣ ድንጋዩን በእጅ መያዝ፣ ቀስቱንስ ከጅማቱ ጋር ማገናኘት ለምን አስፈለገ? ድንጋዩን ጫፍ ላይ አስቀምጡትና ከኋላው አየር በብዛት ንዱበት። እኔ እዚህ ላይ ሁሌም የሚታየኝ የአንጥረኛ ወናፍ ነው። አሥር ወናፍ ደርድራችሁ ብትነፉ ድንጋዩ አንድ ክንድ እንኳ አይሄድም። እንግዲህ የሚያስኬደው አየሩ አይደለም። ወርዋሪው ለድንጋዩ የሰጠው፣ ድንጋዩ ውስጥ የገባ የማይታይ የመንቀሳቀስ አቅም አለ። አየር ቢኖር የሚያደርገው ማገዝ ሳይሆን ማሰናከል ነው።

ነገሩ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ አስቡት። ለዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ «የሚገፋው ማን ነው» እየተባለ ከውጭ ሲፈለግ፣ ይህ ሰው «ተሸክሞት ነው የሚሄደው» አለ።

እዚያ ላይ አላቆመም። አርስቶትል ከባዱ ነገር በክብደቱ ልክ ፈጥኖ ይወድቃል ብሎ ነበር፤ እጥፍ የሚከብድ በግማሽ ጊዜ ይደርሳል። ዮሐንስ ይህ በዓይን ከሚታየው ጋር አይገጥምም አለ። አንዱ የሌላውን እጥፍ የሚመዝን ሁለት ነገር ከአንድ ከፍታ ብትለቅ የጊዜው ልዩነት ወይ የለም ወይ የማይታወቅ ያህል ትንሽ ነው። ይህ እንግዲህ ጋሊሌዮ ከመወለዱ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። አርስቶትል ደግሞ አየር የሌለበት ባዶ ቦታ ሊኖር አይችልም፣ ቢኖር ፍጥነት ወሰን ያጣ ነበር ይል ነበር፤ ዮሐንስ ባዶ ቦታም ቢሆን መሄድ ጊዜ ይወስዳል፣ አየሩ የሚጨምረው መዘግየትን ብቻ ነው ብሎ መለሰ።

በዚሁ ዘመን እስክንድርያ ውስጥ ሌላ ሰው ነበር። የታሪክ መምህራችሁ ሳይነግራችሁ አልቀረም፤ ኮስማስ የሚባለው ነጋዴ። በ525 አካባቢ፣ ካሌብ ወደ የመን ሊዘምት ሲዘጋጅ፣ አዱሊስ ነበር። ንጉሡ የድንጋዩ ዙፋን ላይ ያለው ጽሑፍ ተገልብጦ እንዲላክለት ሲያዝ ከገለበጡት ሁለት ነጋዴዎች አንዱ እሱ ነው። ዛሬ የአዱሊስን ጽሑፍ የምናውቀው በዚያ ሰው ብዕር ነው፤ ዙፋኑ ጠፍቷል። ለዚህ ባለውለታችን ነው። ግን ኮስማስ በስተርጅናው በጻፈው መጽሐፍ ምድር ጠፍጣፋ ናት፣ ዓለምም በሙሴ ድንኳን አምሳል የተሠራ ሣጥን ነው፣ ከዋክብትን የሚያንቀሳቅሷቸውም መላእክት ናቸው ብሎ ተከራከረ። ዮሐንስ ፊሎፖኖስም ስለ ዓለም አፈጣጠር መጽሐፍ ጻፈ። ኮስማስንና መሰሎቹን ለመመለስ የጻፈው ነው የሚሉ የታሪክ ሊቃውንት አሉ። ሁለቱም ክርስቲያኖች፣ ሁለቱም የአንድ ከተማ ሰዎች፣ ሁለቱም ኦሪት ዘፍጥረትን ይዘው።

ዮሐንስ ያለው እንዲህ ነው፤ ከባድ ነገር እንዲወርድ፣ ቀላል እንዲወጣ ዝንባሌ የሰጠ ፈጣሪ ፀሐይና ጨረቃን ሲፈጥር የመንቀሳቀስ አቅም ሊሰጣቸው አይችልም? መላእክት ሲገፉ የሚኖሩበት ምን ምክንያት አለ? ይህን ሳነብ መኪናዬ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ተራ እየጠበቅሁ ነበር፣ የጎኔ ሹፌር ስልክ የማወራ መስሎት ነበር። ቀልዱ ግን ከባድ ነገር ይዟል። ወንጭፍ የሚወረውረው ድንጋይና ሰማይ ላይ ያለችው ጨረቃ በአንድ ዓይነት ሕግ ሊገዙ ይችላሉ እያለ እኮ ነው። ይህን ሐሳብ ኒውተን በሒሳብ ያረጋገጠው በ1687 ነው።

ታዲያ ስሙን ለምን አልሰማነውም? በሃይማኖት ምክንያት ነው ብል ግማሹን መናገሬ ነው። በሕይወቱ መጨረሻ ስለ ሥላሴ የጻፈው ነገር ሦስት አማልክት ያስመስላል ተብሎ የእሱ ወገኖች ሳይቀሩ ራቁት። ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ በ680 እና 681 ቁስጥንጥንያ የተሰበሰበው ጉባኤ በስሙ አወገዘው። የኬልቄዶን ወገን አይቀበለው፣ ፀረ ኬልቄዶኑም ወገን አያቅፈው። ስንክሳር ላይ አትፈልጉት። የአርስቶትል ተከታዮች ደግሞ መጽሐፉን የደፈረ አድርገው አዩት። ሰው በሁሉም በኩል ሲጠላ መጽሐፉን ማን ይገለብጥለታል?

የገለበጡለት ዓረቦቹ ናቸው። ያሕያ አን-ናሕዊ ብለውታል፣ ሰዋስወኛው ዮሐንስ ማለት ነው። የገልፍ አገር ያላችሁ ወገኖቼ ስሙን ትገምቱታላችሁ። ከ980 እስከ 1037 የኖረው ታላቁ ሐኪም ኢብን ሲና ሐሳቡን አንስቶ አስተካከለው። ዮሐንስ የተሰጠው አቅም እንደ ጋለ ብረት በራሱ ጊዜ እየቀዘቀዘ ያልቃል ይል ነበር። ኢብን ሲና የሚያሰናክለው ከሌለ አያልቅም አለ። ባዶ ቦታ ቢኖርና ድንጋይ ብትወረውርበት መቆሚያ አይኖረውም ነበር። ጠጋ አላችሁልኝ? «ማን እየገፋው?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ተገልብጦ «ማን እያቆመው?» ሆነ።

በ1300ዎቹ ፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ዣን ቡሪዳን የሚባል መምህር ይህንኑ ኢምፔተስ ብሎ ጠራው፤ መጠኑም የነገሩ ብዛትና ፍጥነቱ ያህል ነው አለ። ምሳሌው ሸጋ ነው። ወንዝ ላይ በገመድ ሲጎተት የነበረ ጀልባ ገመዱ ሲለቀቅም ይሄዳል። ጀልባው ላይ የቆመው ሰው ግን ከኋላው የሚገፋ ነፋስ አይሰማውም፤ የሚሰማው ከፊቱ የሚመጣው ነው። አየሩ ገፊ ከሆነ ከኋላ በተሰማው ነበር። እኔ ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ ልጅ ሆነን አይሱዙ ላይ ተጭነን ስንሄድ ፊታችንን የሚመታን ነፋስ ነው።

ጋሊሌዮን ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ ያልታወቀውን ብቻ ልበል። ከፒዛው ማማ ላይ ኳስ ጣለ የሚለው ታሪክ የመጣው ከተማሪው ከቪቪያኒ ጽሑፍ ነው፤ ብዙ የታሪክ ሰዎች ይጠራጠሩታል። በወጣትነቱ በጻፋቸው ማስታወሻዎች ውስጥ ግን የፊሎፖኖስን ስም ይጠራል። የፊሎፖኖስ የፊዚክስ ማብራሪያ በ1535 ቬኒስ ላይ በግሪክኛ ታትሞ ነበርና ሰውዬው ከሺህ ዓመት በኋላ ተመልሶ መጥቷል።

የጋሊሌዮ ትልቁ ሥራ ማማ ሳይሆን ተዳፋት ነው። የሚወድቅ ነገር በጣም ይፈጥናል፤ በዚያ ዘመን ሰዓት ሊለካው አይችልም። ስለዚህ ፍጥነቱን አቀዘቀዘው። አሥራ ሁለት ክንድ ያህል እንጨት ወሰደ፣ ቀጥ ያለ ቦይ ፈለፈለበት፣ ቦዩን ለስላሳ ብራና አለበሰው፣ እንጨቱን በአንድ በኩል ትንሽ ከፍ አድርጎ የነሐስ ኳስ አንከባለለበት። ጊዜውን የለካው ከቀጭን ቀዳዳ የሚፈሰውን ውኃ አጠራቅሞ በሚዛን በመመዘን ነው። ዳገቱን ሲቀያይር፣ ርቀቱን ሲቀያይር፣ መቶ ጊዜ ያህል ደጋግሞታል። የተገኘው ነገር፦ ጊዜው እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ፣ ጊዜው ሦስት እጥፍ ሲሆን ርቀቱ ዘጠኝ እጥፍ። ፍጥነቱ በየሰከንዱ እኩል እኩል ይጨምራል ማለት ነው። ፍጥነት መጨመርን በአማርኛ «ሽምጠጣ» ብለው የተረጎሙ ሰዎች ይባረኩ፤ ፈረሱ ዓይኔ ላይ ይመጣል።

ቀጥሎ ያለውን በሐሳብ ተከተሉት። ኳሱ ከአንድ ተዳፋት ወርዶ ትይዩ ያለውን ዳገት ሲወጣ የተነሳበት ከፍታ አጠገብ ይደርሳል። ዳገቱን ብታለዝበው ያንኑ ከፍታ ለመድረስ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ይበልጥ ብታለዝበው ይበልጥ ይርቃል። ጭራሽ ሜዳ ብታደርገውስ? የሚደርስበት ከፍታ ስለሌለ አይቆምም። ሰበቃ ካልያዘው ሲሄድ ይኖራል።

ጋሊሌዮ በ1633 በሮም ተፈርዶበት እቤቱ በቁም እስር ሳለ፣ ዓይኑም እየጠፋ፣ ይህን ሁሉ መጽሐፍ አድርጎ በ1638 ሆላንድ ውስጥ ላይደን ከተማ አሳተመው። ከዚያ በፊት በ1632 ባሳተመው መጽሐፉ ያነሳው የመርከብ ምሳሌም አለ። የተዘጋ የመርከብ ክፍል ውስጥ ብትሆን፣ መርከቡ ሳይናወጥ ቀጥ ብሎ ከሄደ፣ የሚንጠባጠብ ውኃ ቀጥ ብሎ ታች ወዳለው ዕቃ ይገባል፤ መሄድህን በምንም አታውቅም። ከአዲስ አበባ ስትመጡ በሰዓት ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር አካባቢ እየበረራችሁ አስተናጋጇ ቡና ስትቀዳላችሁ ቡናው ወደ ኋላ ሸሽቶ የሰው ጭን ላይ አልፈሰሰም። ቡናውም እንደናንተው ዘጠኝ መቶውን ይዞት ነው የሚሄደው። በ1640 ጋሴንዲ የሚባል ፈረንሳዊ ቄስ ማርሴይ ወደብ ላይ በምትሮጥ መርከብ ምሰሶ ጫፍ ድንጋይ አስለቅቆ ምሰሶው ሥር እንደሚወድቅ አሳየ። እንቅስቃሴው ቀጥ ባለ መስመር እንደሚቀጥል በግልጽ ያስቀመጠው ደግሞ ዴካርት ነው፣ በ1644።

ኒውተንን በአጭሩ ልለፈው፤ ስለ እሱ ያልተጻፈ የለም። ብቻ አንድ የሚያስቀኝ ነገር አለ። መጽሐፉ በ1687 ሲወጣ የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ማሳተሚያ ገንዘብ አልነበረውም፤ ከዚያ በፊት ስለ ዓሣ ታሪክ የሚናገር ውድ መጽሐፍ አሳትሞ ካዝናው ባዶ ሆኖ ነበር። ወጪውን ከኪሱ የከፈለው ባለ ኮከቡ ሃሌይ ነው። ዓለምን የለወጠ መጽሐፍ በዓሣ ምክንያት ሊቀር ነበር። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የመጀመሪያው ሕግ፦ የቆመ ነገር እንደቆመ፣ የሚሄድም ቀጥ ባለ መስመር በዚያው ፍጥነት እንደሄደ ይቀጥላል፣ ጉልበት ካልቀየረው በቀር። ጉልበት ስል ፎርስ የምንለውን ነው። ሁለተኛው፣ ጉልበት የሚያመጣው መሄድን ሳይሆን ለውጥን ነው፤ መፍጠን፣ መዘግየት፣ መታጠፍ። ሦስተኛው፣ የገፋኸው ይገፋሃል። ኒውተን ሁለቱን የመጀመሪያ ሕጎች ጋሊሌዮ ያውቃቸው ነበር ብሎ ምስጋናውን ሰጥቶታል። የእስክንድርያውን ሰውዬ አልጠራም።

እንግዲህ ወደ ጋሼ ልመለስ፤ ጥያቄያቸው መልስ አላገኘም። ጋዙን ለምን እንረግጣለን? ጋሼ፣ ሃይዌይ ላይ በ60 ማይል ቀጥ ብለው ሲሄዱ ሞተሩ መኪናውን «እያስኬደ» አይደለም። የአየሩን ግፊትና የጎማውን ሰበቃ እየከፈለ ነው። እነሱ ወደ ኋላ የሚጎትቱትን ያህል ሞተሩ ወደፊት ይገፋል፣ ሲደመሩ ዜሮ ናቸው፣ ዜሮ ስለሆኑ ነው ፍጥነቱ የማይቀየረው። እግርዎን ሲያነሱ መኪናው የሚቆመው ገፊ ስላጣ ሳይሆን አቋሚዎቹ ብቻቸውን ስለቀሩ ነው። የመንገድ መሐንዲስ ሆኜ ስሠራ የመታጠፊያ ስፋት የማሰላው በዚሁ ነበር። በረዶ ላይ ፍሬን ይዘው ያውቃሉ፤ መኪናው ያኔ ነው እውነተኛ ጠባዩን የሚያሳየው። ደረቅ አስፋልት ላይ በ30 ማይል ፍሬን ቢይዙ ወደ 13 ሜትር ሄዶ የሚቆም መኪና በረዶ ላይ 90 ሜትር ሊንሸራተት ይችላል። በ60 ማይል ደግሞ ደረቁ ላይም ቢሆን 52 ሜትር ይፈልጋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ፣ መቆሚያው አራት እጥፍ። የጋሊሌዮ ቁጥር ነው፣ ከተዳፋቱ የወጣው።

ልጁን እናሰላው። አሥር ኪሎ ይሆናል ብለን እንያዝ። መኪናው በ30 ማይል እየሄደ፣ ይኸውም በሰከንድ 13.4 ሜትር፣ ከፊቱ ካለ ነገር ጋር ተጋጨ እንበል። የመኪናው አፍንጫ ተጨማትሮ ግማሽ ሜትር ያህል ሄዶ ቆመ። ሁሉም ነገር የሚያልቀው ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ነው። ልጁ 13.4ቱን ይዞት ነው። ማንም አይገፋውም፤ ይዞት ነው። በዚያች ቅጽበት ልጁን ከመኪናው ጋር አብሮ ለማቆም የሚያስፈልገው ጉልበት ወደ 1,800 ኒውተን ነው። በሚዛን ብታስቡት 183 ኪሎ መሸከም ማለት ነው። ሁለት ኩንታል ጤፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ በሁለት ክንድ፣ ተቀምጠሽ፣ ሳይነግሩሽ። በ60 ማይል ከሆነ ከ730 ኪሎ በላይ ይሆናል። እናትየዋ ቀበቶ ካላሰረች ደግሞ እሷም ራሷ ወደፊት እየበረረች ነው፣ ልጁም ከፊቷ ነው ያለው።

ይህን ለእህታችን በዚያ ብርድ ማስረዳት አልቻልኩም። «ሕግ ነው» አልኳት፤ ለሰው «ሕግ ነው» ስትለው የፖሊስ ሕግ ነው የሚመስለው። ክንዷ ደግሞ ሌላ ነገር ነው የሚነግራት። ያን ልጅ ስትሸከም፣ ስታጠባ፣ በጀርባዋ አዝላ ውኃ ስትቀዳ ክንዷ አታሏት አያውቅም። እኔም ፎርሙላውን በቃሌ የማውቅ ሰው ሆኜ፣ መኪናዬ በረዶ ላይ ሲንሸራተት የሆነ ነገር እየገፋኝ እንዳለ ነው የሚሰማኝ።

ጋሼ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ «እሺ፣ ጨረቃንስ?» አሉኝ። ጨረቃ በ1 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች፣ ጋዝ የሚረግጥላትም የለም፤ ምድር የምታደርገው መንገዷን ማጠፍ ብቻ ነው አልኳቸው። በ1971 የአፖሎ 15 ጠፈርተኛ ዴቪድ ስኮት ጨረቃ ላይ ቆሞ መዶሻና የወፍ ላባ እኩል እንደለቀቀ፣ አየር ስለሌለም እኩል እንደወደቁ ነገርኳቸውና ቪዲዮውን በስልኬ አሳየኋቸው። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ተራቸው ሲደርስ እየተነሱ «ስንት ነው ግን ያ የልጅ መቀመጫ?» ብለው ጠየቁኝ።

ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። አሁን አውቃለሁ። ሁለት ገዝቻለሁ፤ አንዱ ወደ ኋላ የሚዞረው የሕፃን ነው፣ ሌላው ከፍ ላሉት። ትራንኬ ውስጥ ናቸው፣ ሻንጣ ለሚበዛበት ሰው ቦታ ያጣብባሉ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። የሚታሰሩበትን መንገድ ለመልመድ ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል፤ ማሰሪያው ልጁ ደረት ላይ ሁለት ጣት የማያስገባ መጥበቅ አለበት፣ ወፍራም ጃኬት ደግሞ ከሥሩ አይለበስም፣ ጃኬቱ ይጨመቅና ማሰሪያው ይላላል። ከአገር ቤት ልጅ ይዞ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ ቀኑንና የልጁን ኪሎ ቀደም ብላችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ያቺን እህት የምታውቋት ካላችሁ፣ ያ ጥቁር ጃኬት የለበሰው ሹፌር ሰላም ብሎሻል በሉልኝ። ልጁ አሁን መሄድ ጀምሮ ይሆናል።